የልደትን ወንጌል በተጻፈበት ቋንቋ ማንበብ፦ ስለ ኔስትለ-አላንድ 28ኛ እትም የአንድ አንባቢ ግምገማ

የጌታ ልደት ታሪክ መጀመሪያ በምን ቋንቋ ተጻፈ የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ማቴዎስ ወንጌሉን በዕብራይስጥ፣ ሉቃስ ደግሞ በጽርዕ ማለትም በግሪክኛ እንደጻፉ ሲነገር እየሰማ ያላደገ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ጥቂት ነው። እኔም እንዲሁ ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ለብዙ ዓመታትም ይህንኑ ለታናናሾቼ አስተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሰማሁት አልፌ በዓይኔ አይቼ ለመረዳት ስለፈለግሁ፣ ጥቂት ዓመታት ግሪክኛ ከተማርሁ በኋላ በዓለም ላይ መምህራንና ተርጓሚዎች በብዛት የሚጠቀሙበትን የግሪክኛ አዲስ ኪዳን፣ ኔስትለ-አላንድ የሚባለውን 28ኛ እትም ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የማቴዎስን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎችና የሉቃስን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ደጋግሜ አንብቤበታለሁ። ይህ ግምገማ መጽሐፉን በሙሉ አይመለከትም፤ የልደትን ታሪክ ምንጭ ቋንቋ ለማወቅ ለሚሻ አማርኛ አንባቢ መጽሐፉ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ብቻ ይመለከታል።

መጽሐፉን የሚያሳትመው በሽቱትጋርት ከተማ ያለው የጀርመን መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሲሆን፣ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በሙንስተር ከተማ የሚገኘው የአዲስ ኪዳን ጽሑፍ ምርምር ተቋም ነው። ኤበርሃርድ ኔስትለ የመጀመሪያውን እትም በ1898 እ.ኤ.አ. ካወጣ በኋላ ሥራው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲታረም ኖሯል፤ ኩርት አላንድም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተረክቦ ስሙን አክሎበታል። 28ኛው እትም በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ሽፋኑ ሰማያዊ፣ መጠኑ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ወረቀቱ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ስስ ነው።

ለመግዛት ለምታስቡ አስቀድሜ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። መጽሐፉን ያዘዝሁበት አንድ መደብር 28ኛውን እትም ከፍዬ ሳለ 27ኛውን ላከልኝ፤ ለማስለወጥም ሁለት ወር ያህል ፈጀብኝ። በጠበቅሁባቸው ሳምንታት በእጄ የነበረውን አሮጌውን እትም ሳነብ ቆየሁና፣ አዲሱ ሲደርስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አራቱን የልደት ምዕራፎች አስተያየሁ። በላይኛው ጽሑፍ ላይ ልዩነት አላገኘሁም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በ28ኛው እትም የዋናው ጽሑፍ ንባብ የተለወጠው በሰባቱ አጠቃላይ መልእክታት፣ ማለትም ከያዕቆብ እስከ ይሁዳ ባሉት ብቻ ነው። በወንጌላት ላይ የታደሰው የግርጌው ማስታወሻና አጠቃቀሙ ነው። ስለዚህ 27ኛው እትም በእጁ ያለው ሰው ለልደት ታሪክ ብሎ አዲስ ለመግዛት መቸኮል አይኖርበትም።

የመጽሐፉ ዋጋ ያለው ከላይ በተጻፈው ትልቅ ፊደል ላይ ብቻ አይደለም። በገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ማስታወሻ፣ በልዩ ልዩ የብራናና የፓፒረስ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን የንባብ ልዩነቶች ከነምስክሮቻቸው ይዘረዝራል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ከብሉይ ኪዳን የተጠቀሱት ቦታዎች ተጽፈዋል፤ ጥቅሱ ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም ከጥንቱ የግሪክኛ ብሉይ ኪዳን፣ ጋር ብቻ ሲስማማም ይህን የሚያመለክት ምልክት ይደረግበታል። የምንጭ ቋንቋን ጥያቄ ለሚከታተል ሰው ይህች ትንሽ ምልክት ብዙ ትናገራለች፤ ጸሐፊው በፊቱ የነበረው የዕብራይስጥ ብሉይ ነው ወይስ የግሪክኛው የሚለውን በየጥቅሱ እንድንጠይቅ ታደርገናለችና።

መጽሐፉን ይዤ ዳዊት ወዳስደገሙኝ መምህሬ ዘንድ ሄጄ ነበር። ግሪክኛ አያውቁም፤ ወንጌልን ግን ከነአንድምታው ያስተምራሉ። የግርጌውን ማስታወሻ አሳየኋቸውና፣ «የኔታ፣ እዚህ ላይ አንዱ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፣ ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል እያሉ ነው የሚጽፉት» አልኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን ትንሽ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይኼማ እኛ አብነት የምንለው ነው፤ ሊቃውንቱ ንባብ ሲለያይባቸው ሁለቱንም ይዘው ነው የሚተረጉሙት፣ አንዱን አይጥሉም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአንድምታ መጻሕፍት «ይላል አብነት» እየተባለ የሚቀርበው የንባብ ልዩነት፣ ኔስትለ-አላንድ በምልክትና በአኅጽሮት ከሚያቀርበው ጋር በመሠረቱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው። በአንድምታ ያደገ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ሲከፍት ከቋንቋው በቀር የአሠራሩ መንፈስ አይከብደውም።

አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንይ። በሉቃስ 2፥14 መላእክት የዘመሩትን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግእዙ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት ወሰላም በምድር ሥምረቱ ለሰብእ» እንላለን፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም «ሰላምም በምድር ለሰውም በጎ ፈቃድ» ይላል። በኔስትለ-አላንድ ላይ ግን የመጨረሻው ቃል «ኤውዶኪያስ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲግማ የተባለችው የ«ስ» ፊደል አለች። ያቺ ፊደል ባትኖር ቃሉ «ኤውዶኪያ» ሆኖ «በጎ ፈቃድ ለሰው» የሚለውን ንባባችንን ይሰጣል። ስትኖር ግን ትርጉሙ ወደ «በጎ ፈቃዱ ባረፈባቸው ሰዎች መካከል ሰላም» ይዞራል። ግርጌውን ስናነብ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት ሁለቱ ታላላቅ ብራናዎች፣ ሲናይቲኩስና ቫቲካኑስ፣ መጀመሪያ ፊደሏን ይዘው እንደተጻፉና በኋላ በሌላ እጅ እንደታረሙ እናገኛለን። በአንድ ፊደል መኖርና አለመኖር ላይ ብራናው ራሱ ሁለት ጊዜ ፈርዷል ማለት ነው። የኮዴክስ ሲናይቲኩስ ፎቶግራፍ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበይነ መረብ በነፃ ስለሚታይ፣ እርማቱን በስልክ ላይ ሳይቀር አጉልቶ መመልከት ይቻላል፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ አይቻለሁ።

ይህ የንባብ ልዩነት ከምንጭ ቋንቋ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው በሚከተለው መንገድ ነው። «የበጎ ፈቃድ ሰዎች» የሚለው አነጋገር በግሪክኛ የሚጎረብጥ ነው፤ ብዙ ገልባጮች ፊደሏን የተዉትም አነጋገሩ ስለከበዳቸው ይመስላል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች በተገኙት የዕብራይስጥ መዝሙሮች ውስጥ ግን «የፈቃዱ ልጆች» የሚል አነጋገር ተገኘ። ለግሪክ ጆሮ የሚጎረብጠው ሐረግ በሉቃስ ዘመን ለነበረ ዕብራይስጥ ተናጋሪ የተለመደ አባባል እንደነበር በዚህ ታወቀ። የእኛ ግእዝ «ሥምረቱ» ብሎ «የእርሱ ፈቃድ» ማለቱ፣ ፈቃዱ የሰው ሳይሆን የእግዚአብሔር እንደሆነ ግልጽ ስለሚያደርግ፣ በአገባቡ ፊደሏ ወደሌለችበት ንባብ ቢያደላም በትርጉሙ ፊደሏ ያለችበትን ይቀርባል። ይህን ያስተዋልሁት ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ከፍቼ ሳነብ ነው።

ወደ ማቴዎስ እንለፍ። ማቴዎስ በዕብራይስጥ ጻፈ የሚለው ትውፊት ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረው የሄራጶሊስ ኤጲስ ቆጶስ ፓፒያስ ማቴዎስ ቃላቱን በዕብራይስጥ ልሳን እንዳዘጋጀና እያንዳንዱም እንደቻለ እንደተረጎማቸው ተናግሯል፤ ቃሉን ያቆየልን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የጻፈው የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው። ይህን ትውፊት በአክብሮት ይዤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች በግሪክኛ ሳነብ ያገኘሁት ግን ከጠበቅሁት የተለየ ነው።

«ኢየሱስም በተወለደ ጊዜ» በሚለው የምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይ በግሪክኛው «ጊዜ» የሚል ቃል የለም። ስሙና ግሱ ሁለቱም በአገናዛቢ ሙያ ተቀምጠው ሐረጉ በራሱ ይቆማል። ይህ የግሪክ ሰዋስው ብቻ የሚያውቀው አሠራር ነው፤ በዕብራይስጥ አቻ የለውም። በሁለቱ የልደት ምዕራፎች ውስጥ በ1፥18፣ በ1፥20፣ በ2፥1፣ በ2፥13 እና በ2፥19፣ በአምስት ቦታ አግኝቼዋለሁ፤ አብዛኛውም የታሪኩ አዲስ ክፍል በሚጀምርበት ላይ ነው። ከዕብራይስጥ ቃል በቃል የተተረጎመ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ቦታዎች የምንጠብቀው ግእዙ ደጋግሞ የሚጠቀምበትን ዓይነት የ«ወኮነ»፣ ማለትም የ«ሆነም»፣ ሰንሰለት ነበር። እንዲሁም ጸሐፊው አማኑኤል የሚለውን ስም ከጠቀሰ በኋላ «ትርጓሜውም፦ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር የሚል ነው» ይላል። ለዕብራይስጥ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

በአንጻሩ በእነዚሁ ምዕራፎች ውስጥ ግሪክኛው ብቻውን ሊገልጻቸው የማይችል ነገሮች አሉ። መልአኩ ለዮሴፍ «ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ፤ እርሱ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና» ሲለው «ና» የምትለው ፊደል ምክንያት እየሰጠች ነው። በግሪክኛ ግን «ኢየሱስ» እና «ሶሴይ»፣ ማለትም «ያድናል»፣ በድምፅ አይዛመዱም፤ ምክንያቱ አይሰማም። በዕብራይስጥ «የሹዓ» እና «ዮሺያዕ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸውና ምክንያቱ ወዲያው ይሰማል። ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያለው ትውልድ በዐሥራ አራት በዐሥራ አራት መከፈሉም እንዲሁ ነው፤ በዕብራይስጥ ፊደላት የዳዊት ስም 4፣ 6 እና 4 ሲደመር 14 ይሆናል፤ በግሪክኛ ፊደላት ይህ ስሌት አይሠራም። በሆሴዕ 11፥1 ላይ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም «ልጆቹን» ሲል ዕብራይስጡ «ልጄን» ይላል፤ ማቴዎስም በ2፥15 «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» በማለት ከዕብራይስጡ ጋር ይቆማል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1፥23 ላይ ግን «ፓርቴኖስ» የሚለውን የሰብዓ ሊቃናትን ቃል፣ ማለትም «ድንግል»ን፣ ይዟል፤ በኢሳይያስ ዕብራይስጥ ያለው «ዓልማ» ወጣት ሴት የሚል ሰፋ ያለ ትርጉም አለው። አንድ ጸሐፊ ሁለቱንም መጻሕፍት እያወቀ እንደየቦታው ሲጠቀም እናያለን።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት የሚከተለውን ነው። በእጃችን ያለው የማቴዎስ የልደት ታሪክ በግሪክኛ የተደረሰ ነው፤ የደረሰው ሰው ግን በዕብራይስጥ ያስብ፣ ዕብራይስጥ በሚያውቁ ሰዎች መካከልም ይኖር ነበር። የፓፒያስ ቃል ወይ ከዚህ በፊት ስለነበረ ሌላ ጽሑፍ የተነገረ ነው፣ ወይ ስለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ፤ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ትውፊቱን ለመጣል መጽሐፉ አላስገደደኝም፤ በጥንቃቄ እንድናገረው ግን አድርጎኛል።

ጌታ የተናገረው በአራማይክ ስለሆነ የመጀመሪያው ወንጌል የሶርያው ነው የሚሉ ሰዎችም በየቦታው ያጋጥማሉ። ለዚህ አጭር መልስ የሚሰጠው ያው የመልአኩ ቃል ነው። ፕሺጣ የሚባለው የሶርያ መጽሐፍ ቅዱስ «ያድናቸዋል» ለማለት «ሕያው ያደርጋቸዋል» የሚል ትርጉም ያለውን ግስ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ከስሙ ጋር ያለው የድምፅ ዝምድና በሶርያውም ጠፍቷል። ከዚያ የሚቀድሙት የሶርያ ንባቦችም ቢሆኑ ከግሪክኛ የተተረጎሙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ አግነስ ስሚዝ ሉዊስ በ1892 እ.ኤ.አ. በሲና በቅድስት ካተሪን ገዳም ያገኘችው፣ ተፍቆ ሌላ ጽሑፍ የተጻፈበት ብራና ነው። በማቴዎስ 1፥16 ላይ የያዘው፣ ዮሴፍ ኢየሱስን ወለደ የሚለው እንግዳ አነጋገር ብዙ ያከራከረ ሲሆን፣ ኔስትለ-አላንድም በግርጌው ሳይሸሽግ አስቀምጦታል። ይኸው ብራና ከሁለት ቁጥር በኋላ ፅንሱ ከመንፈስ ቅዱስ መሆኑን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ስለሚናገር፣ አንዱን መስመር ነጥሎ መያዝ ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የረዘመ ጊዜ የወሰድሁት በሉቃስ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች በግሪክኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ በግሪክ የታሪክ ጸሐፊዎች ወግ የተሠራ፣ የተመዘነና ያማረ። አምስተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ ግን ቋንቋው በድንገት ይለወጣል። «በሄሮድስ ዘመን… ነበረ» ብሎ ይጀምርና «እነሆም»፣ «ሆነም» እያለ፣ በ«ካይ» ማለትም በእኛ «ወ» እያያያዘ፣ እንደ ሳሙኤልና እንደ መሳፍንት መጻሕፍት መተረክ ይይዛል። ግሪክኛ ገና የጀመረ ተማሪ እንኳ ከቁጥር 4 ወደ ቁጥር 5 ሲሻገር የአየሩ ለውጥ ይሰማዋል። የተሻለውን ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ ወደ ጥንቱ የቅዱሳት መጻሕፍት አነጋገር ገብቷል ወይም በፊቱ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነበረው። ሊቃውንቱ የሚከራከሩት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እዚህ ላይ አማርኛና ግእዝ የሚያውቅ ሰው ከሌላው አንባቢ የሚቀድምበት ጸጋ አለ። በሉቃስ 1፥37 ገብርኤል ለእመቤታችን «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለምና» ይላታል። በግሪክኛው «ነገር» የተባለው «ሬማ» ነው፤ «ሬማ» በተራው ግሪክኛ የተነገረ ቃል ማለት እንጂ ጉዳይ ወይም ሁኔታ ማለት አይደለም። በምዕራፍ 2፥15 እረኞቹ «የሆነውን ነገር እንይ» ሲሉም ያው «ሬማ» ነው፤ ቃል በቃል ሲወሰድ «የሆነውን ቃል እንይ» እንደ ማለት ይሆናል፤ ቃል ደግሞ ይሰማል እንጂ አይታይም። ይህን ለማስረዳት የእንግሊዝኛና የጀርመንኛ መምህራን ብዙ ገጽ ያጠፋሉ፤ የዕብራይስጡ «ዳባር» ሁለቱንም፣ ቃልንም ጉዳይንም፣ ማለት እንደሆነና ከዚያ እንደመጣ ይተነትናሉ። ለእኛ ግን «ነገር» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለቱንም ይዟል። ነገር ይነገራል፣ ነገር ይሆናል፤ «ነገሩ ምንድን ነው?» ስንልም ወሬውን ነው ወይስ የተፈጸመውን ብሎ የሚጠይቀን የለም። በ2፥19 ማርያም «ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ሲባል፣ የጠበቀችው የሰማችውን ነው ወይስ ያየችውን ብሎ የሚጨነቅ አማርኛ አንባቢ አይኖርም። ከግሪክኛው ስር ያለው የሴም ቋንቋ አስተሳሰብ በአማርኛው ውስጥ ሳይተረጎም ያልፋል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬአለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ይህን ያህል መሸከሙን አላውቅም ነበርና።

የዘካርያስ መዝሙርም እንዲሁ ነው። በ1፥72 እና 73 እግዚአብሔር ለአባቶች ምሕረት እንዳደረገ፣ ኪዳኑን እንዳሰበ፣ ለአብርሃምም መሐላ እንደማለ ይነገራል። በዕብራይስጥ ዮሐንስ «እግዚአብሔር ምሕረት አደረገ»፣ ዘካርያስ «እግዚአብሔር አሰበ» ሲሆን፣ የኤልሳቤጥ ስም ደግሞ ከመሐላ ጋር የተያያዘ ነው። የልጁ፣ የአባቱና የእናቱ ስም ተራ በተራ በመዝሙሩ ውስጥ ተሸሽጓል። በግሪክኛ ይህ ፈጽሞ አይሰማም፤ «አሰበ» የሚለው የግሪክኛ ግስ ከዘካርያስ ስም ጋር በድምፅም በሥርም አይዛመድም። «ዘከረ» እና «ዝክር» የሚሉትን ቃላት ለሚያውቅ ሰው ግን የአባቱ ስም ወዲያው ይበራለታል። መዝሙሩ ሉቃስ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በዕብራይስጥ ይዘመር እንደነበር ከሚያሳዩት ምልክቶች ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

ነገር ግን ሁሉም ከዕብራይስጥ ተተርጉሟል ብዬ እንዳልደመድም ያቆመኝ የገብርኤል ሰላምታ ነው። በ1፥28 ግሪክኛው «ኻይሬ ኬኻሪቶሜኔ» ይላል፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅም በሥርም ይነካካሉ፤ ደስታና ጸጋ በግሪክኛ ዘመዳሞች ናቸውና። ሶርያው «ሰላም ለኪ» ብሎ ሲተረጉም ይህ ውበት ጠፍቷል፤ በዕብራይስጥም ሰላምታው በ«ሻሎም» ቢጀምር አይገኝም ነበር። የግእዙ ተርጓሚ ግን ሰምቶታል። «ተፈሥሒ ፍሥሕት» ብሎ፣ ሁለቱን ቃላት ከአንድ ሥር አውጥቶ፣ የግሪክኛውን ዜማ በሌላ ቋንቋ ደግሞታል። በየቀኑ የምንጸልየው ይህ ሐረግ አባቶቻችን ወንጌልን ከግሪክኛ ሲመልሱ ጆሯቸው ምን ያህል ንቁ እንደነበረ የሚመሰክር ሲሆን፣ የሰላምታው ቃል በግሪክኛ የተቀመረ መሆኑንም ያመለክታል።

እንግዲህ የመጽሐፉ ጉድለት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ወንጌላችን ከግሪክኛ የተተረጎመው እጅግ ቀድሞ ነው፤ በዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፉ ታውቋል። ኔስትለ-አላንድ ግን በወንጌላት ላይ የላቲኑን፣ የሶርያውንና የቅብጡን ንባብ በየገጹ ሲጠቅስ፣ ግእዙን የሚያነሣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከንባብ ምስክሮች ሁሉ ግእዝን ለሚያስቀድም አንባቢ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ እኔ የምሞላው የግእዝ ወንጌል አጠገቤ ዘርግቼ ነው። የተባበሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት ለተርጓሚዎች የሚያዘጋጁት ሌላው እትም፣ 5ኛው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ጥቂት ቦታዎችን መርጦ በእነርሱ ላይ ምስክሮችን በስፋት ስለሚዘረዝር ግእዙን በተሻለ ሁኔታ ይጠቅሳል።

ሌሎች ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። መግቢያው በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የግርጌው ምልክቶች ብዙ ናቸው፤ ማብራሪያቸውን የያዘችው ነጠላ ካርድ ከመጽሐፉ ጋር ትመጣለች፣ እንዳትጠፋባችሁም ጠብቋት። የግርጌው ፊደል ደቃቅ በመሆኑ በማታ መብራት ዓይን ያደክማል። የፓፒያስን ቃል ወይም የጥንት አባቶችን ምስክርነት የሚፈልግ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አያገኝም። የእመቤታችንን ልደትና አስተዳደግ የሚተርከው፣ የያዕቆብ የተባለው ጥንታዊ የግሪክኛ ድርሳንም፣ ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት የተቆጠረ ስላልሆነ፣ የለበትም።

ግሪክኛ ለማያውቅ ሰው ይህን መጽሐፍ እንዲገዛ አልመክርም። ፊደሉን ለይቶ፣ ስምና ግስ መዘርዘር ለጀመረ ተማሪ ግን፣ ከአጭር የግሪክኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጋር በአንድ ጥራዝ የሚገኘውን ቅጂ ቢመርጥ ይበጀዋል። ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መሞከር የሚፈልግ ካለ፣ የ28ኛው እትም ዋና ጽሑፍ፣ ያለ ግርጌ ማስታወሻው፣ በአሳታሚው ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል። ሲጀምርም ከማቴዎስ የትውልድ ሐረግ ሳይሆን ከሉቃስ 2 ይጀምር፤ ቃላቱ ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው፣ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፣ «ሬማ» የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥርም በአማርኛው «ነገር» የሚለውን በእርሳስ ይጻፍበት።